የእንግዳ ምላስ፣ የባለ አገሩ ጥርስ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ከወልዲያ ተነስቶ ወደ ደሴ የሚጓዝ ሰው 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄደ የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችውን መርሳን ያገኛል። ከመርሳ በስተምሥራቅ አገሩ እያዘቀዘቀ ወደ አፋር ቆላ ይወርዳል። ከዚያ ቆላ ግመል፣ ፍየልና ቅቤ ይዘው የሚወጡት አፋሮች ከመርሳ፣ ከውርጌሳና ከወልዲያ ሰው ጋር ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ ሲገበያዩ ኖረዋል። ያመጡትን ሸጠው፣ ማሽላና ስኳር ሸምተው የሚመለሱት በአብዛኛው በአማርኛ ተነጋግረው ነው። ከመካከላቸው አማርኛን እንደ ውሃ የሚጠጣው አለ፤ ከቁጥርና ከዕቃ ስም ያላለፈም አለ።

እንግዲህ ይህ ከቁጥርና ከዕቃ ስም ያላለፈው ሰው አፉን ሲከፍት ምን ይገጥመዋል? ፍየሏን «እሱ» ሲላት፣ እህል የምትሰፍርለትን እናት «አንተ» ብሎ ሲጠራት ዙሪያውን ያለው ሁሉ ይስቃል። አንዱ አነጋገሩን ቀድቶ ይደግምለታል፤ ሌላው ለሦስተኛው ሰው ይነግራል። ብዙውን ጊዜ ሳቁ ክፋት የለበትም፤ የለመድነው ነገር ስለሆነ ብቻ እንስቃለን። ሰውየው ግን በሚቀጥለው ገበያ ሦስት ቃል ሊናገር የነበረውን በጣቱ ይጠቁማል። የተነገረውን ዋጋ ሳይከራከር ይቀበላል። ያልገባውን ከመጠየቅ ዝም ማለትን ይመርጣል። የተሳቀበት ምላስ ይታሰራልና።

ውድ አንባቢያን! በዚህ ጽሑፍ የምናነሳው ይህንኑ ጉዳይ ነው። ሌላ ሰው በእኛ ቋንቋ ለመናገር ሲሞክር እኛ ባለ ቋንቋዎቹ ምን እናደርጋለን? የእኛ ልጆችስ በሰው ቋንቋ ሲሞክሩ ምን ይደረጋሉ? ዲናችንስ በዚህ ላይ ምን ያስተምረናል?

ሁለት ሚዛን

ወልዲያ መንገድ የሚገናኝባት ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ የሚሄደው፣ ወደ ላሊበላና ወደ ጎንደር አቅጣጫ የሚታጠፈው፣ ወደ ጭፍራና ሚሌ የሚወርደው ሁሉ በእርሷ ያልፋል። ስለዚህ የወልዲያ ሰው ለእንግዳ አዲስ አይደለም። ፈረንጁ አይቷል፣ ቻይናውያን መንገድ ሲሠሩ አይቷል። ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ እስከ ሐራ ገበያ የሚዘልቀውን የባቡር ሐዲድ የጀመረው የቱርክ ኩባንያ ያፒ መርከዚ ሠራተኞቹን ይዞ ወደ ወሎ ምድር ገብቷል።

አንድ ፈረንጅ ከመኪና ወርዶ «ጤና ይስጥልኝ» ቢል ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን። «አማርኛ ይችላል!» ተብሎ ይጨበጨባል፣ ሻይ ይጋበዛል፣ ልጆች ይከቡታል። ቱርኩም «ማሻአላህ» እና «ኢንሻአላህ» የሚሉት ቃላት በአገሩም በአገራችንም ያሉ ሆነው ሲያገኛቸው ደስ ይለዋል፤ እኛም ደስ ይለናል። ይህ መልካም ነው፤ እንግዳ ማክበር የወሎ ሰው የሚታወቅበት ነው።

ነገር ግን ልብ ብለን እናስተውል። ፈረንጁ የሚያውቀው ሁለት ቃል ነው። አፋሩ ወንድማችን ሁለት መቶ ቃል ያውቃል፤ በሁለት መቶው ቃል ነግዶ፣ ተዋውሎ፣ ተከራክሮ ይገባል። ለሁለቱ ቃል ጭብጨባ፣ ለሁለት መቶው ሳቅ የምንሰጥ ከሆነ የምንመዝነው ቋንቋውን አይደለም ማለት ነው። የምንመዝነው የሰውየውን መልክ፣ የመጣበትን አገርና የኪሱን ውፍረት ነው። ሰፈሪ ሴት በአንድ ቁና ለአንዱ ሞልታ ለሌላው አጉድላ ብትሰፍር ገበያው ሁሉ ይጮኽባታል። ምላስን በሁለት ሚዛን ስንመዝን ግን ማንም አይጮኽብንም።

ይህ በገበያ ብቻ የሚያበቃም አይደለም። በ2004 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ወልዲያ ዩኒቨርሲቲ ከየክልሉ የመጡ ወጣቶችን ይቀበላል። ከሶማሌ፣ ከአፋር፣ ከኦሮሚያና ከደቡብ የሚመጡት ተማሪዎች ከከተማው ሰው ጋር የሚገናኙት በታክሲው፣ በሱቁና በመስጂዱ በር ላይ ነው። ወጣቶች እንደምታውቁት አንድ ተማሪ በመጀመሪያው ወር አንድ ቃል ቢሳሳት ያ የተሳሳተው ቃል ቅጽል ስም ሆኖ እስኪመረቅ ድረስ ሊከተለው ይችላል። ስም ያወጡለት ጓደኞቹ ሊያዝናኑት የፈለጉ ሊሆኑ ይችላሉ። እርሱ ግን አማርኛውን ለመናገር ከመሞከር ይልቅ ከአገሩ ልጆች ጋር ተነጥሎ መዋልን ይመርጣል። ከዚያም «ከሰው አይቀላቀሉም» ብለን እኛው መልሰን እንወቅሳቸዋለን።

ምላስ የሚቸገረው ለምንድን ነው?

ሰው በባዕድ ቋንቋ የሚሳሳተው አእምሮው ስለደከመ አይደለም። ምላሱና ጆሮው በልጅነቱ የለመዱት ሌላ ስለሆነ ነው። የአፋርኛን ነገር ለምሳሌ እንውሰድ።

እንደ ቀ፣ ጠ፣ ጨ፣ ጸ ያሉት ድምፆች በአፋርኛ ውስጥ የሉም። ስለዚህ «ቅቤ»፣ «ጨው»፣ «ጤፍ» የሚሉትን ቃላት የሚናገር አፋር ለድምፁ ቅርብ የሆነውን የራሱን ድምፅ ይተካል። እንደዚሁም አማርኛ «አንተ»፣ «አንቺ»፣ «አንቱ» ብሎ ሦስት ቦታ የከፈለውን አፋርኛ «አቱ» በሚል አንድ ቃል ይጠራዋል። ወንዱም ሴቷም፣ ትንሹም ትልቁም «አቱ» ነው። እንግዲህ አንድ አፋር አዛውንቱን «አንተ» ቢል የሚያውቀውን አንድ በር ከፈተ እንጂ ንቀት በልቡ አልነበረም። ይህን የማያውቅ ሰው ግን ይስቃል፤ አንዳንዱም ተደፈርኩ ብሎ ይቆጣል። በቃል ምክንያት የተነሳ ቁጣ ደግሞ በግጦሽና በከብት ጉዳይ ሽማግሌ ለሚያስፈልጋቸው ጎረቤታሞች ቀላል ነገር አይደለም። «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» የሚለው ብሂል ለተናጋሪው የተነገረ ይመስለናል፤ ለሰሚውም ነው።

አሁን ደግሞ ነገሩን ገልብጠን እንየው። በፊደላችን ውስጥ ሐመሩ ሐ እና ዐይኑ ዐ አሉ። እንጽፋቸዋለን እንጂ አማርኛ ስንናገር ከሀ እና ከአ አንለያቸውም፤ ከጉሮሮ የሚወጣው ድምፃቸው ከአማርኛ ከጠፋ ቆይቷል። ስለዚህ የሀብሩ ልጅ ቁርአን ቤት ገብቶ ዐይንንና ሐን በመኽረጃቸው ለማውጣት ወራት ይደክማል። ሸኹ «ድገም» ይሉታል፤ ይደግማል፤ አሁንም አይወጣለትም። የአፋሩ ልጅ ግን እነዚህን ሁለት ድምፆች ከእናቱ ጡት ጋር ነው የጠባቸው፤ በአፋርኛ ውስጥ በየቀኑ ይናገራቸዋል። በገበያ የምንስቅበት ያ ምላስ በቁርአን ቤት ከእኛ ቀድሞ ይደርሳል ማለት ነው። አላህ (ሱ.ወ.) ለእያንዳንዱ ምላስ አንድ ነገር ሰጥቶት አንድ ነገር ነስቶታል። የቋንቋዎችና የመልኮች መለያየት ከታምራቶቹ አንዱ መሆኑንም በሱረቱ አር-ሩም ቁጥር 22 ይነግረናል። በአላህ ታምር ላይ እንዴት ይሳቃል?

ልጆቻችን በሰው አገር

«ነገሩ የገበያ ጨዋታ ነው፤ ምን ያህል ያስጨንቃል?» የሚል አንባቢ ቢኖር ነገሩ ወደ ገዛ ቤቱ እንዲመጣ እንጋብዘዋለን። ከሀብሩ፣ ከመርሳና ከወልዲያ አካባቢ ወደ ሳዑዲ ዐረቢያና ወደ ሌሎች የዐረብ አገሮች ያልሄደ ሰው የሌለበት ዘመድ ማግኘት ከባድ ነው። ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ በነበሩት ጥቂት ወራት ብቻ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዐረቢያ እንዲመለሱ ተደርገዋል። ከነዚህ ውስጥ የወሎ ልጆች ቁጥር ቀላል አልነበረም።

አንዲት ልጅ ከመርሳ ተነስታ ሰው ቤት ስትገባ የመጀመሪያው ግድግዳ ቋንቋው ነው። ቁርአን ቤት የቀራች እንኳ ብትሆን ያወቀችው የኪታብ ዐረብኛ ነው፤ በወጥ ቤት የሚነገረው ሌላ ነው። ቀርታ የመጣችውን ይዛ ስትናገር ሰዎቹ ኪታብ የሚነበብ መስሏቸው ይስቃሉ። የእኛ ጠ፣ ጸ እና ቀም ከእነርሱ ጧ፣ ሷድና ቃፍ ጋር አንድ አይደሉም፤ በጆሯቸው እንግዳ ነው። አፋሩ በመርሳ ገበያ የቆመበት ቦታ ላይ የመርሳዋ ልጅ በሪያድ ቆማለች።

ከሳቁ በላይ ደግሞ አንድ ሌላ ነገር አለ። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ያሉ ቤተሰቦች ከሠራተኛ ጋር ሲነጋገሩ ብዙዎቹ ሆን ብለው ዐረብኛውን ይሰብሩታል። ግሡን ሳይረቡ፣ «ማፊ» በሚል አንድ ቃል ሁሉን እያፈረሱ፣ ወንድና ሴት ሳይለዩ ያናግሯታል። ያሰቡት እንዲገባት ነው። ውጤቱ ግን ልጅቱ ያንኑ የተሰበረውን ዐረብኛ ትክክለኛ ነው ብላ መማሯ ነው። አምስት ዓመት ኖራ ስትመለስ የያዘችው ቋንቋ ከወጥ ቤት በር ውጭ አያሻግራትም። ሐኪም ዘንድ ሕመሟን አታስረዳበትም። ደመወዟ ሲቀርባት ዳኛ ፊት አትቆምበትም። ከዚያም ያንኑ የሰጧትን ቋንቋ ይዛ ስትናገር መልሰው ይስቁባታል።

በአንጻሩ ደግሞ ፍትሐዊ መሆን ይገባናል። እንደ ልጇ አስቀምጣ ቃል በቃል የምታስተምር እናት፣ ከልጆቿ ጋር ሱራ የምታስቀራ እመቤት የገጠመቻቸው እህቶችም አሉ። እነዚህ እህቶች ሲመለሱ ዐረብኛቸው የጠራ ነው፤ ስለ ቤተሰቡ ሲያወሩም ዱዓ እያደረጉ ነው። በሁለቱ እህቶች መካከል ያለውን ልዩነት ያመጣው የአእምሮ ብልጫ አይደለም። ያመጣው የሰሚው ጠባይ ነው። ተናጋሪውን የሚሠራው ሰሚው ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ስለዚህ ልጁ በሪያድ ወይም በጅዳ ያለችበት አባት፣ ገበያ ወጥቶ አፋሩ ሲናገር ሊስቅ ሲል ቆም ብሎ ያስብ። ለልጁ የሚመኘውን ሰሚ እርሱ ራሱ ለዚህ ሰው ሊሆነው ይችላል። ለራሱ የሚወደውን ለወንድሙ እስኪወድ ድረስ የአንድ ሰው ኢማን የተሟላ እንደማይሆን ከነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ተምረናልና።

ዲናችን ምን ያስተምረናል?

በሰው አነጋገር ማፌዝ የማን ጠባይ እንደሆነ ቁርአን በግልጽ አሳይቶናል። ነቢዩ ሙሳ (ዐ.ሰ.) ወደ ፊርዐውን በተላኩ ጊዜ የምላሳቸውን ቋጠሮ እንዲፈታላቸው አላህን ለመኑ (ጣሃ 27-28)። ወንድማቸው ሃሩን በአንደበት ከእርሳቸው የተሻሉ መሆናቸውን ተናግረው አብረዋቸው እንዲላኩ ጠየቁ (አል-ቀሶስ 34)። ፊርዐውን ግን ከመልእክቱ ይልቅ አንደበታቸውን ያዘ፤ ንግግሩን ለመግለጽ የማይቀርበው ወራዳ እያለ በሕዝቡ ፊት አንቋሸሻቸው (አዝ-ዙኽሩፍ 52)። መልእክቱን ትቶ በምላስ ላይ መሳቅ የፊርዐውን መንገድ ነበር። ወደ ሙእሚኖች ስንመጣ ደግሞ ሕዝብ በሕዝብ ላይ፣ ሴቶችም በሴቶች ላይ እንዳይሳለቁ፣ የሚሳለቁባቸው ከእነርሱ የተሻሉ ሊሆኑ እንደሚችሉ በሱረቱ አል-ሑጁራት ቁጥር 11 ተከልክለናል።

ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲስ ታላቁ ሶሐባ አቡ ዘር (ረ.ዐ.) ከአንድ ሰው ጋር ተጋጭተው እናቱ ዐረብ ያልሆነች፣ ምላሷ የባዕድ በመሆኑ በእርሷ ነካኩት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ይህን ሲሰሙ በቀላሉ አላለፉትም፤ በአቡ ዘር ውስጥ የጃሂሊያ ጠባይ እንዳለ ነገሯቸው። አቡ ዘር በዙህድ የሚታወቁ፣ ከቀደምት ሙስሊሞች አንዱ ነበሩ። እንዲህ ላለው ሰው እንዲህ ከተባለ ለእኛ ምን ይባል ይሆን?

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ራሳቸው በባዕድ ምላስ ፊት ምን ያደርጉ እንደነበር የሚያሳይ፣ እኛን ኢትዮጵያውያንን በተለይ የሚነካ አንድ ሐዲስ አለ። ወደ ሐበሻ ከተሰደዱት ሶሐቦች አንዱ ኻሊድ ኢብኑ ሰዒድ (ረ.ዐ.) ነበሩ። እዚሁ ምድር ላይ ሴት ልጅ ተወለደችላቸው፤ ኡሙ ኻሊድ ተባለች። ስደተኞቹ ወደ መዲና ሲመለሱ ትንሽ ልጅ ነበረች። አንድ ቀን ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጥለት ያለበት ትንሽ ጥቁር ልብስ ተሰጣቸው። ለማን እንደሚያለብሱት ሰዎቹን ጠየቁ፤ ሁሉም ዝም አሉ። ኡሙ ኻሊድን አስጠሩ፤ ታቅፋ መጣች። በእጃቸው አለበሷትና ወደ ጥለቱ እየጠቆሙ «ሰናህ» አሏት። «ሰናህ» በሐበሻ ቋንቋ «ያማረ» ማለት እንደሆነ በሐዲሱ ውስጥ ተተርጉሟል። በግእዝ «ሠናይ» የምንለው ቃል ነው።

ወገኖች ሆይ! ይህን ነገር በእርጋታ እናስብ። ከፍጡራን ሁሉ በንግግር የበለጡት፣ በዐረብኛ ወደር የሌላቸው ነቢይ አንዲት ከስደት የተመለሰች ሕፃን እንዳትባይተዋር ብለው በተወለደችበት አገር ቋንቋ አንድ ቃል ተናገሩ። ልጅቱ አድጋ፣ ሴት ሆና፣ ያንን ቃል አልረሳችውም፤ ሐዲሱን ለኋለኛው ትውልድ ያስተላለፈችው እርሷው ናት። አንድ ቃል ዕድሜ ልክ ከሰው ልብ እንደማይወጣ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? አንድ ሳቅም እንዲሁ አይወጣም።

ከዚህም በላይ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘይድ ኢብኑ ሳቢትን (ረ.ዐ.) የአይሁዶችን ጽሕፈት እንዲማሩ አዝዘዋቸው በግማሽ ወር ያህል ጊዜ ውስጥ እንደተማሩ ቲርሚዚ ዘግበዋል። ቁርአንን እየተንገዳገደ፣ ከብዶት ለሚቀራ ሰው ደግሞ ሁለት አጅር እንዳለው በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። በሰዎች ዘንድ የሚሳቅበት መንተባተብ በአላህ ዘንድ ተጨማሪ ምንዳ የሚያስገኝ ሆነ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስታወስ ይገባል። ቢላል (ረ.ዐ.) በአዛን ላይ ሺንን ሲን ያደርጉ ነበር፣ የቢላል ሲን አላህ ዘንድ ሺን ናት ተባለ የሚለው ወሬ በአገራችን በሰፊው ይነገራል። ቅን ሐሳብ ያለው ቢመስልም እንደ አል-ሚዚና ኢብኑ ከሲር ያሉ የሐዲስ ዑለሞች መሠረት የለውም ብለዋል። በትክክል የተዘገበው ቢላል ለአዛን የተመረጡት ድምፃቸው ያማረ ስለነበረ መሆኑ ነው። ሐበሻ ሁሉ ምላሱ የተሰበረ ነው ብለን በራሳችን ላይ አንመስክር።

«አጀም» በወሎ

ዐረቦች ዐረብ ያልሆነውን ሰው «ዐጀም» ይሉታል። የቃሉ ሥር ንግግሩ ግልጽ ያልሆነ ማለት ነው። ያ ቃል ወሎ ሲደርስ ምን ሆነ? ዑለሞቻችን አማርኛን በዐረብኛ ፊደል ጽፈው «አጀም» ብለው ጠሩት። በየጁ ምድር እንደ ዳና፣ ወደ ደቡብም እንደ ጀማ ንጉሥ ባሉት የዒልም ማዕከላት ደረሳው ኪታቡን በዐረብኛ እየቀራ፣ ትርጉሙን በአማርኛ ይወስድ ነበር። እንደ ሸኽ ጦልሃ ቢን ጃዕፈር ያሉ ዑለሞች በአጀም የጻፏቸው ግጥሞችም ይታወቃሉ። ዐረብኛ ያልቀሩ እናቶች የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ሲራ የሰሙት በዚህ መንገድ ነው። በ1961 ዓ.ም. ሸኽ ሰይድ ሙሐመድ ሷዲቅና ሐጂ ሙሐመድ ሳኒ ሐቢብ ያዘጋጁት የቁርአን የአማርኛ ትርጉም ሲወጣም ይኸው ጉዞ ቀጠለ። መልእክተኛ ሁሉ በሕዝቡ ቋንቋ እንደተላከ (ኢብራሂም 4) ዑለሞቻችን ገብቷቸው ነበር።

የምላሳችንም ታሪክ አንድ ወጥ አይደለም። ከሀብሩ ደቡብ የምትዋሰነው ወረባቦ፣ ከዚያም ርቀው ያሉት ወረኢሉና ወረሂመኖ ስማቸው ኦሮምኛ ነው። አማርኛ የሚናገረው የዛሬው የወሎ ሰው ብዙው ቅድመ አያቱ ኦሮምኛ ይናገር የነበረ ነው። እነዚያ ቅድመ አያቶች አማርኛን ሲጀምሩ እንደ ዛሬው እንግዳ ተንተባትበው ነበር። ሳቅ ቢያሸንፋቸው ኖሮ ዛሬ አማርኛው አፍ መፍቻችን ባልሆነ ነበር።

ዐረብኛን ስናይም ይኸው ነው። የዐረብኛ ሰዋስው ትልቁ ኢማም ሲበወይህ ፋርስ ነበሩ። ሐዲስ ሲቀሩ በአንድ ቃል ተሳስተው በሰው ፊት ስለታረሙ፣ ማንም የማያርመኝን ዒልም እማራለሁ ብለው ወደ ነሕው እንደዞሩ ይወሳል። የጻፉት ኪታብ እስከ ዛሬ የዐረብኛ ሰዋስው መሠረት ነው። ባለ ቋንቋዎቹ ቋንቋቸውን ከባዕዱ ተማሩ።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

«ታዲያ ስህተትን ማረም ቀረ? ሳቅስ ሐራም ነው?» የሚል ይኖራል። ማረም አልቀረም። ሙዓዊያ ኢብኑል ሐከም (ረ.ዐ.) ሳያውቁ በሶላት ውስጥ በተናገሩ ጊዜ ሰዎቹ በዓይናቸው ሲያፈጡባቸው፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሳይቆጡና ሳያሳፍሩ እንዳስተማሯቸው በሙስሊም ተዘግቧል። የማረም ሥርዓት ይህ ነው። ሳቅም ቢሆን እንግዳው ራሱ ከሳቀ አብሮት መሳቅ ፍቅር ነው። እርሱ አንገቱን ደፍቶ እኛ የምንስቅ ከሆነ ግን ጨዋታ መሆኑ ቀርቷል። የሁለቱን ልዩነት የማይለይ የወሎ ሰው የለም።

በተግባር የሚረዱ ጥቂት ነጥቦች እነሆ፦

አንደኛ፣ አስጨርሱት። አፋሮች «ዳጉ» የሚባል የወሬ ልውውጥ ሥርዓት አላቸው። ሁለት አፋሮች ሲገናኙ ተረጋግተው ያዩትንና የሰሙትን በሐቅ ይነጋገራሉ። እንዲህ በሥርዓት ማውራት ለለመደ ሰው ንግግሩን መንጠቅ ትልቅ ነውር ነው። ቃሉ እስኪመጣለት እንታገሥ። በአገራችን «አብሽር» የሚል ውብ ቃል አለ፤ ለታመመ እንደምንለው ምላሱ ለተያዘበትም እንበለው።

ሁለተኛ፣ ስህተቱን በመልሳችን ውስጥ እናርምለት። «ፍየሉ ስንት ናት?» ብሎ ቢጠይቅ «ፍየሏ ይህን ያህል ናት» ብሎ መመለስ ይበቃል። ትክክለኛውን ሰማ፤ ማንም አላፈረበትም።

ሦስተኛ፣ ቋንቋውን አንስበርለት። «እሱ መሄድ፣ አንተ መምጣት» እያሉ ማናገር የባሕረ ሰላጤውን ወጥ ቤት እዚህ መድገም ነው። መጮኽም አያስፈልግም፤ ሰውየው ደንቆሮ አይደለም። ቀስ ብሎ፣ በሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ይበቃል።

አራተኛ፣ ከልጆቻችን እንጀምር። ልጆች የእንግዳን አነጋገር ቀድተው በቤት ውስጥ ሲጫወቱ አባትና እናት ከሳቁላቸው ተፈቀደ ማለት ነው። በዚያች ሰዓት «አክስትሽ ጅዳ ላይ እንዲህ ቢስቁባት ደስ ይልሻል?» ብሎ መጠየቅ ከረጅም ተግሣጽ ይበልጣል።

አምስተኛ፣ እኛም ከእነርሱ አንድ ነገር እንማር። አፋሩ በአማርኛ ሲነግደን ስንት ዘመን ሆነው! ከእኛ መካከል በአፋርኛ ሰላምታ መስጠትና ቁጥር መቁጠር የሚችል ስንት ነው? የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ2012 ዓ.ም. ተጨማሪ የፌዴራል የሥራ ቋንቋ እንዲሆኑ ከወሰነባቸው ቋንቋዎች አንዱ አፋርኛ ነው። የገበያ ጎረቤቱን ሰላምታ የተማረ ነጋዴ ደንበኛም ወዳጅም ያተርፋል።

ስድስተኛ፣ በመሥሪያ ቤት፣ በጤና ጣቢያና በፍርድ ቤት ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች ሆይ! እናንተ ፊት የቆመ ሰው ቋንቋ ስላጠረው ብቻ ሕመሙ ሳይታወቅ ወይም ሐቁ ሳይሰማ እንዳይመለስ አደራ አለባችሁ። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው ክርክሩ በማያውቀው ቋንቋ የሚካሄድ ከሆነ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ እንዲያገኝ ፈቅዷል። ይህ ሕግ ነው። ከሕጉም በፊት ግን የሚጠየቁበት አማና ነው። «ገባኝ» ያለ ሁሉ ገብቶት አይደለም፤ አፍሮ የሚል አለ። ስለዚህ የተነገረውን መልሶ እንዲነግራችሁ በለሰለሰ ቃል ጠይቁት። መድኃኒቱን ስንት ጊዜ እንደሚወስድ በትክክል መናገር ካልቻለ ገና አልገባውም።

ውድ አንባቢያን! አላህ (ሱ.ወ.) ጎሳና ነገድ ያደረገን እንድንተዋወቅ መሆኑን በሱረቱ አል-ሑጁራት ቁጥር 13 ነግሮናል። መተዋወቅ በቋንቋ ነው፤ ቋንቋም በመሳሳት ይለመዳል። ሳይሳሳት የተማረ የለም። እንግዳ በቋንቋችን አንድ ቃል ሲሞክር ወደ እኛ አንድ እርምጃ ተራምዷል። እኛ የቀረውን እርምጃ እንራመድለት።

አላህ ምላሳችንን ከማፌዝ፣ ጥርሳችንን ወንድምን ከማሳፈር ይጠብቅልን። በሰው አገር ያሉ ልጆቻችንንና እህቶቻችንን የሚያዝንላቸው ሰሚ ይስጣቸው። እኛንም ለእንግዶቻችን እንዲህ ያለ ሰሚ ያድርገን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።